«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም»፦ ተረቱና ምድጃውን የረገጡት መራጮች

የኤሌክትሪክ ምድጃ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ጉልቻን የሚያውቀው በተረቱ እንጂ በድንጋይነቱ አይደለም። ስለዚህ ከድንጋዩ እንጀምር። ጉልቻ ድስት የሚጣድበት፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት ድንጋይ ነው፤ ከጭቃ የሚሠራም አለ። ቁጥሩ ሦስት ነው። በሁለት ድንጋይ ላይ ድስት አይቆምም፤ አራት ቢሆኑ ደግሞ ወለሉ ትንሽ ከጎረበጠ አንደኛው ድስቱን ሳይነካ ይቀራል። ሦስት ሲሆኑ ግን መሬቱ እንደ ፈለገ ይሁን፣ ድስቱ ይረጋል። ትዳር መያዝን «ሦስት ጉልቻ መመሥረት» የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው፤ ቤት ቤት የሚሆነው እሳት ሲነድበት ነውና።

ቃሉ «ጎለተ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። መጎለት አንድን ነገር እንዳይነቃነቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠበት አልነሣ ያለውን ሰው «እዚህ ምን ጎለተህ?» ስንለው የምንጠቀመው ይህንኑ ግስ ነው። ተረቱ ስለ ሹማምንት ሲነገር ይህ ዝምድና ሆን ተብሎ የተቀመጠ ይመስላል፤ ያጋጠመ ነገር ቢሆንም ደስ ይላል።

ተረቱ ማድቤት መወለዱን ለማወቅ ሊቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ወጥ የሚጣፍጠው ሽንኩርቱ በደንብ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲበስል፣ ቅቤውና ቅመሙ ሲመጠን ነው። ይህ ሁሉ ጎድሎ ወጡ ውሃ ውሃ ሲል ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ድንጋይ የምትጎልት ወጥ ሠሪ ታስቃለች። እኔ ተረቱን መጀመሪያ የሰማሁት ስለ መንግሥት ሲነገር አልነበረም፤ አንዲት ጎረቤታችን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ የቤት ሠራተኛ ሲቀጥሩ እናቴ በሹክሹክታ የተናገረችው ነው። ከማድቤት ወደ አደባባይ ለመውጣት ግን ብዙ መንገድ አልነበረውም። ሹም ሽር በበዛበት አገር እንዲህ ያለ ተረት ሥራ አይፈታም፤ ሚኒስትር ወርዶ ሚኒስትር በተሾመ ቁጥር አንድ ሰው ይናገረዋል።

አንዳንዱ «አያጣፍጥም» ይላል፤ አንዳንዱ «አይጣፍጥም»። ሁለተኛው ስለ ወጡ ያዝናል፤ የመጀመሪያው ስለ ድንጋዩ ይናገራል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ድንጋዩ የማይችለውን ነገር ለይቶ ይጠራልና። ማጣፈጥ አይችልም። ሌላ ምንም አይችልም ግን አላለም፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን ተረት የሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ይደመድማል። አንዱ «እንግዲያው ምን አደከመኝ» ብሎ ይቀመጣል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የምትለዋን ጨምሮ ከነበሩት ጋር ይኖራል። ሌላው ደግሞ «ድንጋይ በድንጋይ መተካት ካልረዳ ነቀርሳው ምድጃው ራሱ ነው» ይልና እግሩን ያነሣል። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ በአውሮፓ ምርጫዎች ላይ የጎላው ይህ ሁለተኛው ሰው ነው። ወዶ ያቀፈውን ፖለቲካ ፖፑሊዝም ወይም ሕዝበኝነት ይሉታል፦ ዓለምን «ንጹሕ ሕዝብ» እና «የበሰበሱ ገዥዎች» ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ መሀል ላይ የቆሙትን ግራና ቀኝ ፓርቲዎች እንደ አንድ ድርጅት የሚቆጥር ፖለቲካ። ስለዚህ ሰው ንዴት ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው። ፓርቲዎቹ መመሳሰል የጀመሩት ትናንት አይደለም፤ ታዲያ ለምን ቀደም ብሎ አልተናደደም?

መልሱ ግሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (ከዚህ በታች የአውሮፓ ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በራሳቸው አቆጣጠር ናቸው።) የወታደሮቹ አገዛዝ በ1974 ከወደቀ በኋላ አገሪቱን ለአርባ ዓመት ገደማ የተፈራረቁባት ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ፦ በቀኝ በኩል አዲስ ዴሞክራሲ፣ በግራ በኩል ፓሶክ። ስሞቹ ሳይቀሩ ተመላላሾች ናቸው። ከ2004 እስከ 2009 የመሩት ኮስታስ ካራማንሊስ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የኮንስታንቲኖስ ካራማንሊስ የወንድም ልጅ ናቸው። እሳቸውን አሸንፈው የተተኩት ጆርጅ ፓፓንድሬዩ ደግሞ አባታቸውም አያታቸውም ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ግሪኮች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። በ2009 ምርጫ ግን ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ላይ ከመራጩ 77 በመቶውን ይዘዋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ድስቱ ውስጥ ወጥ ነበረ። ግሪኮች «ሩስፌቲ» የሚሉት ነገር አላቸው፦ ለፓርቲው ታማኝ ለሆነ ቤተሰብ የሚደረግ ውለታ፣ ለልጅ የመንግሥት ሥራ፣ ለዘመድ ፈቃድ። የአንዱ ተራ ሲያልፍ የሌላው ይመጣል፤ ዛሬ ያልቀመሰ ነገ ይቀምሳል። ወጡ እየጣፈጠ ጉልቻ የሚቆጥር ሰው የለም። መራጩን እንደ ተታለለ የዋህ አድርጎ ማቅረብ ስለዚህ ደስ አይለኝም፤ የሚበላውን ያውቅ ነበር።

ከዚያ ድስቱ ባዶ ሆነ። ፓፓንድሬዩ በምርጫ ቅስቀሳቸው «ገንዘብ አለ» ብለው ነበር። ባሸነፉ ማግሥት የመንግሥት ጉድለት ከተነገረው እጅግ የበለጠ መሆኑን አስታወቁ፤ ቁጥሩ ደጋግሞ ሲታረም በመጨረሻ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 15 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። በግንቦት 2010 የ110 ቢሊዮን ዩሮ ብድር መጣ፤ ከብድሩ ጋር ሕዝቡ ትሮይካ ብሎ የሰየማቸው ሦስት የአበዳሪ ወገን ተቋማት መጡ፦ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት። ሦስት መሆናቸውን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እነዚህ ግን ጉልቻ አልነበሩም። ወጥ ሠሪዎቹ እነሱ ነበሩ። ምን ያህል ጨው፣ ምን ያህል ውሃ የሚለው ተጽፎ ከውጭ ይመጣል፤ የአቴንስ ሰዎች ድስቱን ተሸክመው ይቆማሉ።

የአዲስ ዴሞክራሲው መሪ አንቶኒስ ሳማራስ መጀመሪያ የብድር ውሉን ተቃወሙ። በሕዳር 2011 ፓፓንድሬዩ ሲለቁ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሉካስ ፓፓዴሞስ ማንም ሳይመርጣቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ፓሶክም አዲስ ዴሞክራሲም ደገፏቸው። በየካቲት 2012 ሁለቱ ፓርቲዎች አብረው ሁለተኛውን ውል አጸደቁ። ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ751 ዩሮ ወደ 586 ተቆረጠ። በ2013 ከመቶ ሠራተኛ ከ27 የሚበልጠው ሥራ አጥ ነበር፤ ከወጣቱ ደግሞ ከግማሽ በላይ። ለአርባ ዓመት «እኔ ከእሱ እለያለሁ» ሲሉ የኖሩ ሁለት ድንጋዮች ድስቱ ሲነሣ አንድ ዓይነት ጥቀርሻ ተለቅልቀው ታዩ።

በግንቦት 2012 ምርጫ የሁለቱ ድምር ከ77 ወደ 32 በመቶ ወረደ። ፓሶክ ብቻውን ከ44 ወደ 13፣ በጥር 2015 ደግሞ ከ5 በመቶ በታች። በ2009 ከ5 በመቶ ያልዘለለው ሲሪዛ የተባለ የግራ ፓርቲ በ36 በመቶ መንግሥት መሠረተ። ከማን ጋር እንደ ተጣመረ ልብ በሉ፤ «ነጻ ግሪኮች» ከሚባል ብሔርተኛ የቀኝ ፓርቲ ጋር ነው። አክራሪ ግራና ብሔርተኛ ቀኝ በሌላ ጊዜ ለሰላምታ እንኳ አይቆሙም ነበር። ያገናኛቸው ለብድር ውሉ የነበራቸው ጥላቻ ነው። የመራጩ ጥያቄ ግራ ወይስ ቀኝ መሆኑ አብቅቶ ነበር።

በዚያው በጥር 2015 የወቅቱ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣን ክሎድ ዩንከር ሌ ፊጋሮ ለተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ የአውሮፓን ውሎች የሚጻረር ዴሞክራሲያዊ ምርጫ ሊኖር እንደማይችል ተናገሩ። ሕጋዊ ክርክር አለው፤ ውል ውል ነው። ከአንድ ምርጫ ማግሥት ሲነገር ግን ተረቱን በሹሙ አንደበት መስማት ነው፦ ጉልቻችሁን ቀያይሩ፣ ወጡ ያው ነው። ለሕዝበኛ ተናጋሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

ሌሎች አገሮች ተረቱን በየቋንቋቸው ፈጥረውታል። በፈረንሳይ የሌ ፔን ፓርቲ የቀኙን ዩኤምፔ እና የሶሻሊስቶቹን ፔኤስ አጋጥሞ «ዩኤምፔኤስ» የሚል አንድ ስም አወጣላቸው። በስፔን በ2011 አደባባይ የወጡ ወጣቶች የቀኙን ፔፔንና የሶሻሊስቶቹን ፔሶኤን ደምረው «ፔፔሶኤ» አሏቸው። አንዱ ተሳዳቢ ከቀኝ ዳር፣ ሌላው ከግራ፤ ስድቡ ግን አንድ። በኦስትሪያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ «ቀዮቹ» የሚባሉት ሶሻል ዴሞክራቶችና «ጥቁሮቹ» የሚባሉት ወግ አጥባቂዎች፣ ሥልጣኑን እንደ እንጀራ ተቋድሰውት ነበር፤ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር ሳይቀር አንዱ ለቀዮቹ፣ አንዱ ለጥቁሮቹ ቅርብ ነበር። በ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫ የሁለቱም ዕጩዎች እያንዳንዳቸው 11 በመቶ ገደማ ይዘው በመጀመሪያው ዙር ወደቁ።

እኛ «መሀል ሰፋሪ» የሚል ቃል አለን፤ ወገን ያልለየ፣ ወላዋይ ለማለት እንሰድብበታለን። መነሻው ግን በንጉሡ ድንኳን ዙሪያ፣ በሰፈሩ መሀል የሚሰፍረው ጦር ነው። ይህ ጦር በ1910 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተነሥቶ «ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን» አለ፤ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ተሻሩለት። ምርጫ አልነበረም፤ ፓርቲም አልነበረም። ግን መሀል የሰፈረ ሁሉ ወላዋይ ነው የሚለውን ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። የግሪኩም መራጭ ቢሆን ዳር ላይ የኖረ አክራሪ አልነበረም፤ ትናንት ፓሶክን የመረጠ መምህርና ጡረተኛ ነው።

አሁን ወደ ቀረው ነገር ልመለስ። ተረቱ ጉልቻ ወጥ አያጣፍጥም ይላል፤ ጉልቻ ወጥ አይደፋም አይልም። አንዱ ድንጋይ ሲከዳ ድስቱ ያዘነብላል፣ የተረፈው መረቅ አመድ ላይ ይፈስሳል። ሐምሌ 5 ቀን 2015 የሲሪዛው ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲስ ጺፕራስ የአበዳሪዎቹን ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ 61 በመቶው «አይሆንም» አለ። ባንኮች ተዘግተው ሰው በቀን 60 ዩሮ ብቻ ከማሽን የሚያወጣበት ሳምንት ነበር። ስምንት ቀን አለፈና፣ ብራስልስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከዘለቀ ስብሰባ በኋላ፣ ጺፕራስ ሦስተኛውን የብድር ውል ተቀበሉ። ምድጃውን እንዲያፈርስ የተላከው ሰው ራሱ ከጉልቻዎቹ እንደ አንዱ ተቆጠረ። በመስከረም እንደገና ተመረጡ፤ የመራጩ ቁጥር ግን በጥር ከነበረው 64 በመቶ ገደማ ወደ 57 ወርዶ ነበር።

ሰውየውን ከሃዲ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ግሪኮችም ብለዋቸዋል። ያለ ዩሮ የሚጣድበት ሌላ ምድጃ አላዘጋጁም ነበር፤ ሕዝቡም አብዛኛው ከዩሮ መውጣት አልፈለገም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ያወቁት በብብታቸው የቀረውን ሲቆጥሩ ይመስለኛል።

ተረቱ የማያስረዳው መራጭም አለ። በግንቦት 2012 ከመቶው ሰባቱ ድምፁን የሰጠው ወርቃማ ንጋት ለተባለ ናዚ ቀመስ ፓርቲ ነው፤ በ2020 የአቴንስ ፍርድ ቤት መሪዎቹን ወንጀለኛ ድርጅት በመምራት ጥፋተኛ ብሏል። ይህ መራጭ ስለ ወጡ መበላሸት ብቻ አልተቆጣም፤ ስደተኛውን ጎረቤቱን ከማዕዱ ማባረር ፈልጓል። የኑሮ ምሬት መንገዱን ጠርጎለታል እንጂ ፍላጎቱን አልፈጠረለትም። ከእነሱም መካከል «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» እንዳለችው አህያ፣ ሁሉም ነገር ይፍረስ ያለ ይኖራል። ሁሉንም «የተረሳ ሕዝብ» በሚል ከረጢት መክተት ግን ለነሱም ለሌሎቹም ፍትሕ አይሆንም።

በሐምሌ 2019 ግሪኮች አዲስ ዴሞክራሲን መልሰው መረጡ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪርያኮስ ሚትሶታኪስ ከ1990 እስከ 1993 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የኮንስታንቲኖስ ሚትሶታኪስ ልጅ ናቸው። በሰኔ 2023 ከ40 በመቶ በላይ ይዘው ሲደግሙ ሲሪዛ ወደ 18 ወርዶ ነበር። በዚያው ምርጫ «ስፓርታውያን» የተባለ አዲስ ፓርቲ፣ የወርቃማ ንጋት ቃል አቀባይ የነበረ ሰው ከእስር ቤት ሆኖ እየደገፈው፣ ፓርላማ ገባ። ከተመዘገበው መራጭ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደግሞ በዚያ እሑድ ከቤቱ አልወጣም።