የደርግ ዘመን ተራ ወታደር ምን ያዋጋው ነበር?

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በኤርትራና በትግራይ ስለተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሱት ጄኔራሎቹና መንግሥቱ ኃይለማርያም ናቸው። ተራው ወታደር ለምን ያን ያህል ዓመት ምሽግ ውስጥ ቆየ የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

የንጉሡ ጦር በደመወዝ የተቀጠረ ነበር። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ያመጸውም በምግብና በውሃ ችግር ተማሮ ነው።

ሚያዝያ 1969 የእናት ሀገር ጥሪ ታወጀ። ገበሬው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ በጥቂት ወራት ሠልጥኖ ሚሊሺያ ሆነ። ሶማሊያ ስትወር በገዛ ፈቃዱ የዘመተው ብዙ ነው። ለደቡቡ ገበሬ ደግሞ በ1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ ያስገኘለት መሬት ነበር። ለዚያ ሲል መዋጋቱ የሚያጠራጥር አይመስልም።

ሰሜን ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። ጠላት የተባሉት ሻዕቢያና ሕወሓት የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። ኤርትራውያን ራሳቸው የነጻነት ጦርነት ይሉታል። ወታደሩ ግን «የአገር አንድነት» የሚለውን ከካድሬ የሰማው መፈክር ብቻ አድርጎ አልወሰደውም። ባሕር በሩን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ያየው ነበር። ታኅሣሥ 1970 ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይሉን ሰፈር ይዞ የቀረው ጦር ከየብስ ተቆርጦ ነው የተዋጋው። ይህ ጀግንነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ በኤርትራ ተራሮች ላይ የሻዕቢያ ምሽግ የነበረችውን ናቅፋን መያዝ ሳይችል ሲቀር ጦሩ ተራራው ሥር ለዓመታት ተቀመጠ። እዚያ ማርክስና ሌኒን ብዙም አልጠቀሙም። የጠቀመው ጓድ ነው። ኮቾሮ የሚባለውን የወታደር ደረቅ ብስኩት የተካፈለን፣ ከአንድ ኮዳ የጠጣን ሰው ትቶ መሄድ ነውር ነበር። ቁስለኛ ለማውጣት ሲል የሞተው ብዙ ነው። ከዚህ ሌላ ለቤተሰብ የሚላከው ተቆራጭ አለ፤ ሚስትና ልጅ የሚኖሩት በሱ ነው። ለማበርታት የኪነት ቡድንም ይመጣል፣ ሽለላና ቀረርቶ ይሰማል። ፍርሃትም ነበር። ያለ ትእዛዝ ያፈገፈገ ይቀጣል። ከኋላው ይተኮስበት ነበር የሚባለው ግን በሁሉም ግንባር የሆነ አይመስልም።

በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ታወጀ። በሕጉ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት 30 ወር ያገለግላል። በተግባር ግን ከመንገድ የታፈሰ ልጅ ግንባር ደረሰ። ጊዜው ሲያልቅም አልተሰናበተም። ያለ ፈቃዱ የመጣውን ያቆየውም ያው ጓዱ ነው።

ጦሩን የሰበረው የድፍረት ማነስ አልነበረም። በበላዮቹ ላይ የነበረው እምነት ነው የተቦረቦረው። አዛዡ ሲወስን የፖለቲካ ኮሚሳሩም የጸጥታ ሰውም አሉ። የካቲት 1980 ወታደሩ የሚወደው ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ፣ በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ፣ በገዛ መንግሥቱ ተረሸነ። በወሩ አፋቤት ላይ ዕዙ ራሱ ተደመሰሰ። ሁለቱን ያያያዘው ወታደር ብዙ ነው፤ ሌሎች ግን ዕዙ ቀድሞም ተዳክሞ ነበር ይላሉ። የካቲት 1981 ትግራይ ውስጥ ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር የሚባለው ጦር ፈረሰ። ግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፣ ከሸፈ። በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ወታደሩ የሚያምነው አዛዥ ማን ቀረ?

ያም ሆኖ እስከ ግንቦት 1983 አሥመራ አጠገብ ደቀመሐሬ ላይ ተዋግቷል። መንግሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ ግን መስመሩ ተፈታ። ከአሥመራ የወጣው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በከረን አድርጎ ወደ ሱዳን ተጓዘ፤ በመንገድ በውሃ ጥም ያለቀው ብዙ ነው። የቀረው ጦር በአዲሱ መንግሥት ተበተነ።