ቡሊያን ዜሮና አንድ ነው?

ደሴ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ሳስተምር በየዙሩ የመጀመሪያ ሳምንት «ቡሊያን ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ በየዙሩም የማገኘው መልስ «ዜሮና አንድ ነው» የሚል ነው። ዲግሪ ይዘው ሥራ ከጀመሩ ወጣቶችም ይህንኑ ስሰማ ቆይቻለሁ። መልሱ ሰልችቶኛል፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ መልስ የሚወለዱት ስሕተቶች የሰው ገንዘብ የሚነኩ መሆናቸው ነው።

ቡሊያን ዋጋው እውነት ወይም ሐሰት የሆነ የዳታ ዓይነት ነው። ከኋላው ምንጊዜም አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ይህ ደረሰኝ ተከፍሏል» ቢባል ነገሩ ወይ ልክ ነው፣ ወይ ልክ አይደለም። ኮምፒውተሩ ይህን በ0 እና በ1 ማስቀመጡ የአቀማመጥ ጉዳይ እንጂ የትርጉም ጉዳይ አይደለም። «ሀ» የተባለው ፊደልም ውስጡ በ0 እና በ1 ይቀመጣል፤ ሆኖም «ሀ ቁጥር ነው» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹም በዚህ አይስማሙም፦ ፓይተን እውነትን ከእውነት ሲደምር 2 ይሰጣል፣ ጃቫ ድምሩን ጨርሶ አይቀበልም፣ ሩቢ ደግሞ 0ን ራሱን እንደ እውነት ይቆጥረዋል።

«ቡሊያን አንድ ቢት፣ ማለትም አንድ 0 ወይም 1፣ ብቻ ይይዛል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ሜሞሪ አድራሻ የሚሰጠው በባይት (በ8 ቢት) ስለሆነ አንድ የቡሊያን ተለዋዋጭ፣ ማለትም ዋጋ የሚይዝ ስም፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቢት ይወስዳል።

ስሙም ምኅፃረ ቃል አይደለም። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዝ አገር ሊንከን ከተማ ከተወለደውና ከ1849 ጀምሮ በአየርላንድ ኮርክ ከተማ የሒሳብ ፕሮፌሰር ከነበረው ከጆርጅ ቡል ነው። ቡል ያረፈው በ1864 ስለሆነ ኮምፒውተር አልፈጠረም፤ የእርሱን የሎጂክ ሒሳብ ከኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ጋር ያገናኘው አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን ነው፤ ይህንንም ያደረገው በ1937 ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፉ ነው።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያስቸግረኝ ልምጣ፤ እርሱም «በአማርኛው «እና» ካለ በኮዱ ኤንድ ይጻፋል፣ «ወይም» ካለ ኦር ይጻፋል» የሚለው እምነት ነው። ኤንድ እውነት የሚሆነው ሁለቱም ወገን እውነት ሲሆን ነው፤ ለኦር ግን አንዱ እውነት መሆኑ ይበቃል። አንድ ነጋዴ «የደሴና የኮምቦልቻ ደንበኞችን ዝርዝር አውጣልኝ» ሲል ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን መዝገቡን የሚያየው አንድ በአንድ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚጠይቀው «የዚህ ደንበኛ ከተማ ደሴ ነው፣ ደግሞም ኮምቦልቻ ነው፤ ይህ እውነት ነውን?» ብሎ ነው። አንድ ሰው በአንድ የከተማ ዓምድ ሁለት ከተማ ሊኖረው ስለማይችል መልሱ ለሁሉም ሐሰት ይሆናል፤ ዝርዝሩም ባዶውን ይወጣል። የነጋዴው «ና» በኮድ ኦር ነው።

አሉታ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ፕሮግራም የሠራ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከደከመ በኋላ «መምህር፣ ዳታቤዙ ተበላሽቷል» ብሎ ደወለልኝና የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ አየሁለት። የታዘዘው «ከደሴና ከኮምቦልቻ ውጭ ላሉ ደንበኞች የማጓጓዣ ክፍያ ጨምር» ተብሎ ነበር። እርሱ የጻፈው «ከተማው ደሴ አይደለም፣ ወይም ከተማው ኮምቦልቻ አይደለም» የሚል ነው። ደሴ ፒያሳ ያለውን ደንበኛ በዚህ እንመዝነው፦ «ደሴ አይደለም» ሐሰት ነው፣ «ኮምቦልቻ አይደለም» ግን እውነት ነው፤ በኦር አንዱ እውነት ከሆነ ጠቅላላው እውነት ስለሚሆን ሰውየው ይከፍላል። የኮምቦልቻውም በተመሳሳይ ምክንያት ይከፍላል። የባቲውና የሐይቁ መክፈላቸው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ከተማው የተመዘገበ ደንበኛ ሁሉ ተጨምሮበት ነበር። ዳታቤዙ ፍጹም ደኅና ነበረ። እዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ኤንድ ነው፤ ወይም ደግሞ «ደሴ ወይም ኮምቦልቻ» የሚለውን በቅንፍ አስሮ ከፊቱ ኖት (አይደለም) ማድረግ ነው። ሁለቱ አጻጻፎች እኩል መሆናቸውን የሚገልጸው ደንብ በቡል ዘመን በነበረው የሒሳብ ሊቅ በኦገስተስ ደ ሞርጋን ስም ይጠራል፤ ተማሪዎቼ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ ሥራ ላይ ግን ይረሱታል።

ኮዱን ካስተካከልን በኋላም ጥቂት ደንበኞች ከደሴና ኮምቦልቻ ዝርዝርም፣ ከውጭኛውም ዝርዝር ጠፉ። ከተማቸው ያልተሞላ ነበሩ። ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ውስጥ ኑል፣ ማለትም ያልተሞላ ዋጋ፣ ከማንኛውም ነገር ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «ያልታወቀ» ነው፤ የማጣሪያው ትእዛዝ ደግሞ የሚያሳልፈው እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ «ቡሊያን ምንጊዜም ሁለት ዋጋ ነው» የሚለው ዳታቤዝ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ባዶ መሆኑን ለብቻው መጠየቅ ግድ ነው።

«ወይም ካለ አንዱ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። «ሻይ ወይስ ቡና?» ስንል አንዱን ምረጥ ማለታችን ነው፤ ኦር ግን ወይስ አይደለም። «ተማሪ ወይም ጡረተኛ ቅናሽ ያገኛል» ከተባለ ሁለቱንም የሆነ ሰው ያገኛል። ቡል ራሱ «ወይም»ን የገለጸበትን የመደመር ምልክት የተጠቀመበት የጋራ አባል ለሌላቸው ስብስቦች ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምንሠራበት አፈታት ከእርሱ በኋላ የመጣ ነው። አንዱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ኤክስኦርን ይጠቀም።

በጥቅስ ምልክት ውስጥ «ፎልስ» (በእንግሊዝኛ ሐሰት) ተብሎ የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ሐሰት አይደለም፤ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ እንደ እውነት ያዩታል።

ስለ ስያሜም አደራ እላለሁ። ተለዋዋጩን «ሁኔታ» ብላችሁ አትሰይሙት፤ «ተከፍሏል» በሉት፤ ያን ጊዜ እውነት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። «አልተከፈለም» ብሎ መሰየምም አይረባም፤ ሐሰት ሲሆን አንባቢው ሁለት አሉታ መፍታት ይገደዳል። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሁኔታዎቹን በወረቀት ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ካለ አራት መስመር፣ ሦስት ካለ ስምንት መስመር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኤንድና ኦር አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ደግሞ ቅንፍ አትንፈጉ፤ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ኤንድ ቀድሞ ስለሚሠራ፣ «ደሴ ወይም ኮምቦልቻ፣ ደግሞም ዕዳ ያለበት» ብላችሁ ያለ ቅንፍ ከጻፋችሁ የኮምቦልቻ ባለዕዳዎችና የደሴ ሰው በሙሉ ይመጣላችኋል።