ኪክስታርተር፦ «ተሳካ» የሚባለው መቼ ነው?

ኪክስታርተር ባለ ሀሳቦች ከማያውቁት ብዙ ሕዝብ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት የአሜሪካ ድረ ገጽ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 2009 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰዓት፣ ድሮን፣ የካርታ ጨዋታ፣ መጽሐፍ፣ ፊልም... ያልተሞከረ ነገር የለም። እኛ በብዛት የለመድነው ለታመመ ወይም ለተቸገረ ሰው ኦንላይን የሚደረገውን መዋጮ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ የበጎ አድራጎት መዋጮ ጭራሽ አይፈቀድም። ገንዘብ የሰጠው ሰው «ደጋፊ» ይባላል። በምላሹም ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ገና ያልተሠራ እቃ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለ ፕሮጀክቱ ቪዲዮ ይሠራል፣ የሚፈልገውን የገንዘብ መጠን ይጽፋል፣ ቀን ይቆርጣል። ቀኑ ከ60 አይበልጥም። ግቡ ከሞላ ቀኑ ሲያልቅ ገንዘቡ ከየደጋፊው ካርድ ይቆረጣል፤ ኪክስታርተር ከዚያ ላይ 5 ከመቶ ያነሳል፣ ክፍያውን የሚያስተላልፈውም የራሱን ይወስዳል። ግቡ ካልሞላ የማንም አምስት ሳንቲም አትነካም። ኢንዲጎጎ የተባለው ተፎካካሪ ግቡ ባይሞላም የተገኘውን ይዞ መሄድ የሚቻልበት አማራጭ ነበረው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኪክስታርተሩ ይሻላል።

ታዲያ ግቡ የሞላ ዘመቻ ቀኑ ሲያልቅ «ተሳካ» ይባላል። ከአሥር ዘመቻ አራት ያህሉ እዚህ ይደርሳሉ። ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን የተሠራ ነገር የለም፣ የደረሰውም ሰው የለም። ቆጣሪው የቆጠረው የተሰበሰበውን ብር ብቻ ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚያሳየው የአንድ አይስ ቦክስ ታሪክ ነው። ራያን ግሬፐር የተባለ የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ሰው በ2013 መጨረሻ አዲስ ዓይነት አይስ ቦክስ ይዞ ብቅ አለ። 125,000 ዶላር ጠየቀ፤ ያገኘው 100,000 አካባቢ ነበር። ወቅቱ በአሜሪካ ክረምት ነበርና በዚያ ብርድ አይስ ቦክስ ማን ትዝ ይለዋል? ዘመቻው «አልተሳካም» ተባለ። የከሰረ ሰው ግን አልነበረም፤ ማንም አልከፈለማ።

በ2014 የአሜሪካ በጋ እቃውን አሳምሮ ተመለሰ። ስሙ ኩለስት ኩለር ነው። ክዳኑ ላይ በባትሪ የሚሠራ ብሌንደር አለው። የብሉቱዝ ስፒከር፣ የስልክ ቻርጀር፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ ማታ በረዶው ውስጥ ለሚፈልግ ደግሞ መብራት አለው። አሁን የጠየቀው 50,000 ዶላር ብቻ ነበር። 62,642 ሰዎች ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱለት። እስከዚያ ቀን በኪክስታርተር ታሪክ ይህን ያህል የሰበሰበ አልነበረም።

እቃው በፌብሩዋሪ 2015 ይደርሳል ተብሎ ነበር። ዘገየ። አብዛኛው ደጋፊ የከፈለው 185 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ያ ገንዘብ አይስ ቦክሱን ሠርቶ ለመላክ እንኳን የሚበቃ አልሆነም። ስለዚህ ለብዙ ደጋፊ እቃ በላከ ቁጥር ጉድጓዱ ጠለቀ። ኩባንያው ማምረቻ ገንዘብ ለማግኘት እቃውን አማዞን ላይ በውድ መሸጥ ጀመረ። ደጋፊው ወረፋ ሲጠብቅ ዛሬ ያዘዘ ጎረቤቱ ይረከባል ማለት ነው። ቀጥሎም ቶሎ እንዲላክላችሁ ከፈለጋችሁ 97 ዶላር ጨምሩ ተባለ። ይኼኔ የማይናደድ ማን አለ? የኦሪገን ፍትሕ ቢሮ ገባበት፤ በ2017 በተደረሰው ስምምነት እቃው ላልደረሰው ሰው 20 ዶላር እንዲከፈል ተባለ። በ2019 መጨረሻ ኩባንያው የቀረጥ ጭማሪን ምክንያት አድርጎ ተዘጋ። 20,000 ያህል ሰዎች ምንም ሳይደርሳቸው ቀሩ። የ2014ቱ ዘመቻ መዝገብ ላይ ግን እስካሁን «ተሳካ» ነው።

መዘግየት ብቻውን ቃል ማጠፍ ነው አልልም። ፔብል የተባለው ስማርት ሰዓት በ2012 100,000 ዶላር ጠይቆ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ለሴፕቴምበር የተባለው ሰዓት መላክ የጀመረው በጃንዋሪ 2013 ነው። ሰው አጉረመረመ፤ ሰዓቱ ሲደርሰው ግን እጁ ላይ አሰረው። ኩባንያው በ2016 ሲዘጋ እንኳን ገና ላልተመረቱት ሞዴሎች የከፈሉ ደጋፊዎች ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል።

በአጠቃላይ ሲታይስ? የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው ኢታን ሞሊክ በ2015 ወደ 47,000 ደጋፊዎችን ጠይቆ ነበር። ገንዘብ ካገኙት ፕሮጀክቶች 9 ከመቶው ቃላቸውን አልፈጸሙም። በብዛት የወደቁት ትልልቆቹ ይመስላችኋል፤ አይደሉም። ከ1,000 ዶላር በታች የሰበሰቡት ናቸው። የእነሱ ውድቀት ዜና ስለማይሆን ነው የማንሰማው።

ኪክስታርተር ራሱ በ2012 «እኛ ሱቅ አይደለንም» ብሎ በይፋ ተናግሯል። በደንቡ መሠረት ቃል የገባው ባለ ፕሮጀክቱ ነው፤ ድረ ገጹ ዋስ አይሆንም። እቁብ ለጠጣ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል። እቁብ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመረከቡ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ቢጠፋ የሚያዝ ሰው አለ። ኪክስታርተር ላይ ብሩ ቀድሞ ይሄዳል፣ የሚያዝ ሰው የሚፈለገው በኋላ ነው።

ለዚህም ነው የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2015 የያዘው የመጀመሪያው የክራውድፈንዲንግ (እንዲህ ከብዙ ሰው ገንዘብ የማሰባሰብ) ጉዳይ የሚገርመኝ። አንድ ሰው የቦርድ ጨዋታ አሳትማለሁ ብሎ 35,000 ዶላር ጠየቀ፣ ከ122,000 በላይ ተሰጠው። ኮሚሽኑ እንዳለው ገንዘቡን ለቤት ኪራይና ለግል ጉዳዩ አዋለው። ወደ 112,000 ዶላር እንዲመልስ ተወሰነበት፤ የሚከፍለው ስለሌለው ግን ውሳኔው ታገደ። ጨዋታው ለደጋፊዎቹ ደረሰ። የላከላቸው ክሪፕቶዞይክ የተባለ ሌላ አሳታሚ ነው፤ ከዚያ 122,000 ዶላር አንድም ሳንቲም አልነካም።