ሩስኪ ሚር፦ የዛሬዋ ሩሲያ የግዛት ጥማትና ከጀርባው ያለው ሐሳብ

«ሚር» በሩሲያኛ ዓለም ማለት ነው፤ ሰላምም ማለት ነው። «ሩስኪ ሚር» ሲባል ግን «የሩሲያ ዓለም» ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሩሲያኛ የሚናገር፣ በሞስኮ ፓትርያርክ ሥር የሚጸልይ፣ አያቶቹ በሩሲያ ነገሥታት በዛሮቹ ወይም በሶቪየት ኅብረት ሥር የኖሩ ሁሉ፣ ዛሬ የየትኛውም አገር ዜጋ ቢሆን የሞስኮ ወገን ነው ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፑቲን በዚሁ ስም ፋውንዴሽን አቋቋሙ። ቋንቋና ባህል ማስፋፋት ምን ክፋት አለው? ችግሩ ጦሩ ተከትሎ መምጣቱ ነው። ከጆርጂያ ለመገንጠል በሚታገሉት በአብካዚያና በደቡብ ኦሴቲያ የሩሲያ ፓስፖርት ሲታደል ከረመና በ2008 ታንኮቹ ጆርጂያ ሲገቡ «ዜጎቻችንን ልንጠብቅ ነው» ተባለ። በ2014 ክራይሚያ ከዩክሬን ተወሰደች። በ2022 ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች፤ የዩክሬን ክልሎች የሆኑት ዶኔትስክ፣ ሉሃንስክ፣ ዛፖሪዥያና ሄርሶን፣ ጦሩ አራቱንም ሙሉ በሙሉ ሳይዝ፣ የሩሲያ ግዛት ናቸው ተብሎ ታወጀ።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው መሬቱ አይደለም፤ ጎረቤትን «አንተ የለህም» ማለቱ ነው። ይሄ ደግሞ በፑቲን አልተጀመረም። በ1863 የዛሩ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ቫሉዬቭ ባወጣው መመሪያ ላይ የተለየ የዩክሬን ቋንቋ አልነበረም፣ የለም፣ ሊኖርም አይችልም የሚል ሰፍሯል፤ በ1876 ደግሞ በዩክሬንኛ መጽሐፍ ማተም ተከለከለ። የሌለ ቋንቋ ለምን ይከለከላል? ፑቲን በ2021 ክረምት ባወጡት ረጅም ጽሑፍ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው አሉ፤ ከወረራው ሦስት ቀን በፊት ደግሞ የዛሬዋን ዩክሬን የፈጠሯት ቦልሼቪኮች፣ ማለትም የሌኒን ኮሚኒስቶች ናቸው አሉ። ቤተ ክርስቲያኗም አልቀረችም። ፓትርያርክ ኪሪል የሚመሩት ጉባኤ በ2024 ጦርነቱን «ቅዱስ ጦርነት» ብሎታል።

እኛ ጋ ሩሲያ ስትነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዓድዋን ቁስለኞች ያከሙት የቀይ መስቀል ሐኪሞች ናቸው። ውለታው እውነት ነው፤ ይህን ግን አይሸፍነውም። ወረራው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በጸጥታው ምክር ቤት የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ ነገሩን በአፍሪካ ዓይን አስቀመጡት። የእኛንም ድንበር ያሰመሩት ቅኝ ገዢዎች ናቸው፣ ዘመዶቻችንም ከድንበሩ ማዶ ቀርተዋል፣ ቢሆንም በዘርና በቋንቋ ድንበር ፍለጋ ብንወጣ ኖሮ እስከ ዛሬ በተዋጋን ነበር አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 141 አገሮች ወረራውን ሲቃወሙ ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም።