«መርከብ የሚሄድበት ወንዝ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ግብፆች በእኛ ውኃ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) እየሸጡ ሲከብሩ እኛ ዓባይ ላይ አንዲት መርከብ የለንም፤ ይሄ ስንፍና ካልሆነ ምን ይባላል?» አለ። ይህችን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ኑሮዬ ጀርመን፣ ሥራዬ የወንዝ ጥልቀት መለካት ነውና ዛሬ ተናግሬ ይውጣልኝ።

ወንዝ ረጅም ስለሆነ ወይም ስሙ ስለገነነ መርከብ አይሄድበትም። መርከብ የሚሄድበት ወንዝ ማለት፣ በጉዞው መስመር ላይ ውኃው እጅግ በሚሳሳባት ቦታ የመርከቧን ሆድ የሚያሳልፍ ወንዝ ነው። ጭነት ይዞ ጎጃም የሚወርድ የአይሱዙ ሹፌር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጭቃው የት ጋ ነው?» ብሎ ነው። አምስት መቶ ኪሎሜትር አስፋልት መሐል ሃምሳ ሜትር ማጥ ካለ፣ ለእሱ መንገዱ ያቺ ሃምሳ ሜትር ናት። ካፒቴኑም እንደዚያው፤ ዝናብ ሲጠፋ ጭነት ይቀንሳል፣ ውኃው ሲሞላ ደግሞ በድልድይ ሥር ማለፍ ያቅተዋል። ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፦ የመንገድ ማጥ ባለበት ይቆይሃል፣ የወንዝ አሸዋ ግን ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ቦታ ይቀይራል። አምና የለካነውን ዘንድሮ እንደገና እንለካለን። እንጀራችንም እሱ ነው።

አሁን «የናይል ክሩዝ» የሚባለውን እንየው። አብዛኛው ሰው የሚገዛው ከሉክሶር እስከ አስዋን ያለችውን፣ ከ200 ኪሎሜትር ጥቂት የምትበልጥ ቁራጭ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሌሊት። ግብፅ ውስጥ ከአስዋን በታች ወንዙ በኪሎሜትር አሥር ሴንቲሜትር እንኳ አይወርድም። ኤስና ላይ ያለውን ግድብ መርከቦቹ በሎክ ያልፉታል፤ ሎክ ማለት በር ያለው ትልቅ የውኃ ሳጥን ነው፣ ሲሞላ መርከቧን ያነሳታል፣ ሲጎድል ያወርዳታል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደግሞ ውኃውን ዓመቱን ሙሉ መጥኖ ይለቃል። ከግድቡ በላይ ባለው ሐይቅ ወደ አቡ ሲምበል ጥንታዊ መቅደስ የሚሄዱት መርከቦች ሌሎች ናቸው፤ ከታች ያሉት ግድቡን ዘለው አይወጡም። ከአስዋን እስከ ካርቱም ባለው መንገድ ደግሞ ስድስት ድንጋያማ የውኃ መውረጃዎች አሉ። ናይል ራሱ ዳር እስከ ዳር አይቀዘፍም ማለት ነው።

ዓባያችን ከጣና በ1,790 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ግድም ላይ ነው። በኪሎሜትር በአማካይ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። አማካይ ደግሞ ያታልላል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ብቻ ወደ 40 ሜትር በአንዴ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች ያሉበት ቡድን ሸለቆውን በጀልባ ሲወርድ ሰው ውኃ ወስዶበታል። ስንፍና አትበሉኝ።

«ግድባችን ሐይቅ ሠርቶልን የለ?» የሚል አይጠፋም። ሐይቅ ላይ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ማን ከለከለ። ነገር ግን መርከብ ግድቡን የሚያልፍበት ሎክ የለውም። ፖርቱጋል ውስጥ ዶሮ የሚባለው ወንዝ በድሮ ጊዜ የወይን ጠጅ በርሜል የጫኑ ጀልባዎች የሚሰባበሩበት ነበር። ግድብ ሲገደብበት አምስት ሎክ አብሮ ተሠራለት፤ ካራፓቴሎ ላይ ያለው ብቻውን መርከብ 35 ሜትር ያነሳል። ዛሬ ቱሪስት ይንሸራሸርበታል፣ ግን መርከቦቹ ራይን በሚባለው የጀርመን ትልቅ ወንዝ ላይ ካሉት ያጥራሉ፤ ሎኮቹ ትንንሽ ናቸውና።

የእኛስ የመርከብ ወንዝ? ነበረን፤ ባሮ ነው። ከዓባይ ጋር ሲተያይ ስሙን የሚያነሳው የለም፤ ግን ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ላይ ቡና ይጭኑ ነበር። በክረምት ብቻ፣ ወንዙ ሲሞላ።

አክስቴ በአውሮፓ ወንዝ ክሩዝ መሄድ አምሯቸው ከዋሽንግተን ደውለው «ራይንን ወይስ ዳንዩብን?» ሲሉኝ እኔ ወሩን ጠየቅኳቸው። «ኦክቶበር፣ ርካሽ ነው» አሉ። ራይን የአልፕስ በረዶ በሚቀልጥበት በግንቦትና በሰኔ ይጠግባል፣ በመከር ግን ይከሳል። ዳንዩብም ቢሆን በደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ከሽትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ባለው ግድብ አልባ ክፍል ሲጎድል መርከብ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ካውብ የምትባል ከተማ ላይ የራይን የውኃ ከፍታ መለኪያ 25 ሴንቲሜትር አሳየ፤ ያኔ «በእግር ይሻገሩታል» ተብሎ ተወራ። አይሻገሩትም! የመለኪያው ዜሮ የወንዙ ወለል አይደለም። በዚያን ቀን የመርከቡ መስመር ወደ 1.4 ሜትር ጥልቀት ነበረው። ያም ሆኖ ሆዷ 1.6 ሜትር ውኃ ውስጥ ለሚገባ የክሩዝ መርከብ አይበቃም፤ እንዲህ ሲሆን ተሳፋሪውን በአውቶቡስ አድርገው ከጎደለው ቦታ ወዲያ የምትጠብቅ ሌላ መርከብ ላይ ያሳፍሩታል።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና «አውቶቡሱ ሽንት ቤት አለው?» ብለው ጠየቁኝ።