የኦርዮን ደም ማን ይከፍላል?

ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮን በጦር ሜዳ አስገደለ። ነቢዩ ናታን በገሠጸው ጊዜ ዳዊት "እግዚአብሔርን በድያለሁ" ሲል ናታን ወዲያው መለሰለት፦ "እግዚአብሔር ደግሞ ኃጢአትህን አርቆልሃል፤ አትሞትም" (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። እዚህ ላይ ስንደርስ አብዛኞቻችን ከዳዊት ጋር እፎይ እንላለን። እስቲ ቃሉን በኦርዮ ዘመዶች ጆሮ እንስማው። ኦርዮ መሞቻውን የያዘውን ደብዳቤ በገዛ እጁ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ያደረሰ ታማኝ ወታደር ነው። ገዳዩ ግን "አትሞትም" ተባለ።

ሕጉማ ግልጽ ነበር። ለነፍሰ ገዳይ ሕይወት ካሳ አይወሰድም፤ ምድሪቱም ደም ባፈሰሰው ሰው ደም ካልሆነ አትነጻም (ዘኍ. 35፥31-33)። ዳዊት በመዝሙር 51 "መሥዋዕትን ብትወድድስ በሰጠሁህ ነበር" ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሆን ብሎ ላስገደለ ሰው በመሠዊያው ላይ የሚቀርብ በግ አልነበረም። ምሳሌ 17፥15 ደግሞ በደለኛን ጻድቅ የሚል ዳኛ በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ ነው ይላል። ታዲያ እግዚአብሔር ራሱ ምን አደረገ?

ጳውሎስ በሮሜ 3፥25-26 የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ቀድሞ የተደረገው ኃጢአት በእግዚአብሔር ትዕግሥት ታልፎ ቆይቶ ነበር፤ አልተረሳም። ክርስቶስ በደሙ ማስተስረያ ሆኖ የቆመው እግዚአብሔር "ራሱም ጻድቅ እንዲሆን በኢየሱስም የሚያምነውን እንዲያጸድቅ" ነው። የዳዊት ምሕረት በጎልጎታ ተከፈለ።

"ንጹሑን በበደለኛው ፈንታ መቅጣትስ ምን ፍትሕ አለው?" የሚል አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አብ አንድን ምስኪን ሦስተኛ ወገን ጎትቶ ቢያመጣ ኖሮ በእርግጥ ግፍ ይሆን ነበር። ጌታ ግን ስለ ነፍሱ "እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም" ብሏል (ዮሐ. 10፥18)። ደግሞም ዳዊት በዚያው መዝሙር "አንተን ብቻ በደልሁ" ያለው አምላክ ራሱ ሥጋ ለብሶ መጣ። በአገራችን የደም እርቅ ላይ የሟች ወገን ካሳ ይቀበላል፤ እዚህ ግን ካሳውን የከፈለው የተበደለው ወገን ነው።

መስቀሉን መሸሸጊያ አድርገው "ጌታ ይቅር ብሎኛል" እያሉ የበደሉትን ሰው ዓይን የሚሸሹ ወገኖች አሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ዳዊት ይቅር ቢባልም ሰይፍ ከቤቱ አልራቀም። ቀራጩ ዘኬዎስም መዳን ወደ ቤቱ በገባበት ቀን "ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ" አለ (ሉቃ. 19፥8)። ናታን በደሉን ሊያሳየው ስለ አንድ ባለጠጋና ስለ ድሃው በግ ምሳሌ ሲነግረው፣ ዳዊት የበግ ቀማኛው ይክፈል ብሎ የፈረደውም ይህንኑ አራት እጥፍ ነበር።