መሬቱ የገበሬው፣ የግንባታ መብቱ የካውንቲው

አሜሪካ ውስጥ አንድ ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) «የእርሻ መሬት የግንባታ መብት ገዛሁ» ሲል ብዙ ሰው መሬቱን የወሰደው ይመስለዋል። አልወሰደም። ባለቤቱ ያው ገበሬው ነው። ያርሳል፣ ይሸጣል፣ ለልጆቹ ያወርሳል። የሸጠው ቦታውን ሸንሽኖ ቤት የመሥራት መብቱን ብቻ ነው። ገደቡ በመሬት መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር ነገ መሬቱን የሚገዛውንም ሰው ያስራል።

ዋጋው እንዴት ይወጣል? ገማቹ ሁለት ጊዜ ይተምናል። መሬቱ ለቤት ሠሪ ቢሸጥ 500,000 ዶላር፣ ለእርሻ ብቻ ከሆነ ደግሞ 200,000 ያወጣል እንበል። ካውንቲው የሚከፍለው ልዩነቱን፣ 300,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ ከቦንድ፣ ከሽያጭ ታክስ ወይም ከግዛትና ከፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ይመጣል። ድጋፉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚለቀቀው ካውንቲው የራሱን ድርሻ ሲያዋጣ ነው።

«ታዲያ ማስተር ፕላኑ ላይ መሬቱን አረንጓዴ ቀብቶ ለእርሻ መከለል አይበቃም ወይ?» በፍጹም! ፕላኑን የሚቀጥለው ምክር ቤት በድምፅ ሊቀይረው ይችላል። የተገዛን መብት መመለስ ግን እጅግ ከባድ ነው። በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው ሰፎክ ካውንቲ በ1974 እ.ኤ.አ. ይህን መንገድ የጀመረውም የድንች ማሳዎቹ በላይ በላዩ ወደ መኖሪያ ሰፈር ሲቀየሩ አይቶ ነው።